ባለ ሸራ ጀልባዬን ውሃ ላይ ላወርድ ነው፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ባለፈው ኦክቶበር የ1984 ስሪት ካታሊና 22 ባለ ሸራ ጀልባ ከነተጎታቹ ገዛሁ። ኪሉ (ከጀልባው ሥር ውሃ ውስጥ የሚገባው ከባድ ክንፍ) የሚወርድና የሚነሳ ዓይነት ነው። ከኋላው ባለ 6 ፈረስ ጉልበት ሞተር አለው። ዊንተሩን ሙሉ ደጃፌ ላይ ተሸፍኖ ከረመ። ባለፈው ሰመር የሁለት ቀን ኮርስ ወስጃለሁ፤ ከዚያ ውጭ ልምድ የለኝም። በኤፕሪል አጋማሽ፣ አየሩ ሞቅ ያለበትን ቅዳሜ መርጬ፣ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር (8 እና 11 ዓመታቸው ነው) ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ላወርደው አስቤያለሁ። ከሥር የሚቀባው ቀለም የትኛው ይሻላል? በዕለቱስ ምን ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከቀለሙ ልጀምርና ቶሎ ልገላገለው። አይግዙ።

ያ ውድ የመዳብ ቀለም የተሠራው ሰመሩን ሙሉ ውሃ ላይ ለሚያድር ጀልባ ነው። አልጌና ባለ ቅርፊት ጥቃቅን ፍጥረታት ከሥሩ እንዳይጣበቁ ያደርጋል። የእርስዎ ጀልባ ግን ቅዳሜ ወርዶ እሁድ ማታ ተጎታቹ ላይ ይመለሳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ምንም አይበቅልበትም። በሳሙናና በስፖንጅ ይጠቡት፣ በቃ። ወደፊት ማሪና (ጀልባ ውሃ ላይ የሚያድርበት ወደብ) ውስጥ ቦታ ከተከራዩ ያኔ እንነጋገራለን። አሮጌውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት እፍቀዋለሁ ካሉ ግን ያለ ማስክ አይንኩት፤ አቧራው መርዝ ነው።

እኔ የምሠራው አናፖሊስ አጠገብ፣ ጀልባ በሚጠገንበት ግቢ ውስጥ ነው። ዋና ሥራዬ ምሰሶና የምሰሶ ሽቦ ነው። ማርች ሲገባ ስልኩ አያርፍም፤ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ደግሞ ስለ ቀለም ነው። አይፈረድበትም። ቀለም ይታያል፣ ጎረቤትም ያደንቀዋል። ጀልባ የሚያሰምጠውና ሰው የሚጎዳው ግን ሌላ ነው፤ አብዛኛውም ቤትዎ ደጃፍ ላይ ሆነው ሊያዩት የሚችሉት ነው። ራምፑ (ጀልባ ወደ ውሃ የሚወርድበት ተዳፋት) ዳር ቆመው መፍቻ የሚፈልጉ ከሆነ ጀልባው ገና አልደረሰም ማለት ነው፤ ይዘውት ይመለሱ።

ስለዚህ ከኪሉ እንጀምር። የካታሊና 22 ተነሺ ኪል ወደ 550 ፓውንድ የሚመዝን ብረት ነው፤ በእኛ ወደ 250 ኪሎ። ሲነሳ ጀልባው 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃዋል። ሲወርድ አንድ ሜትር ተኩል ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ክብደት ከፊት በኩል የሚይዘው አንድ ፒን ነው። ከኋላ የሚይዘው ደግሞ አንድ ቀጭን የብረት ገመድ ነው። ገመዱ ከኪሉ ጫፍ ተነስቶ፣ በጀልባው ሆድ ባለው ቀዳዳ አልፎ፣ ከመግቢያው ደረጃ ሥር ያለው ዊንች (በእጀታ እየዞረ ገመድ የሚጠቀልል መሣሪያ) ላይ ይጠመጠማል።

ባትሪ ይያዙና ተጎታቹ ሥር ይግቡ። መጀመሪያ ኪሉ በምን እንደተደገፈ ይዩ። ጀልባው ተጎታቹ ላይ ሲሆን ኪሉ መተኛት ያለበት በተጎታቹ አግዳሚ ላይ ነው። በገመዱ ተንጠልጥሎ መንገድ መሄድ የለበትም። ቀጥሎ ገመዱ ከኪሉ ጋር የሚገናኝበትን ጫፍ ይፈልጉ። ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ያለው እሱ ስለሆነ መጀመሪያ የሚበላው እዚያ ነው። ጓንት ያድርጉና በአሮጌ የጥጥ ጨርቅ ከላይ ወደ ታች ይጥረጉት። ጨርቁ ከተያዘ አንዷ ክር ተበጥሳለች። አንድ ክር ከተበጠሰ ገመዱ አለቀለት ብለው ይቁጠሩት። ጨርቁ ባይያዝ እንኳ የቀድሞው ባለቤት መቼ እንደቀየረው ካልነገረዎት ይቀይሩት። ገመዱ ርካሽ ነው። ውሃ ላይ ከተበጠሰ ግን 250 ኪሎ ብረት ተወርውሮ የጀልባውን ሆድ ይመታል።

ገመዱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ አጭር ወፍራም የጎማ ቱቦ አለ፤ ላይና ታች በማሰሪያ የታሰረ። «ጀልባዬ ውሃ አስገባ» የሚል የካታሊና ባለቤት ሲደውልልኝ ቀድሜ የምጠይቀው ስለ እሱ ነው። በጣትዎ ይጫኑት። ጎማው ከደረቀና ከተሰነጣጠቀ፣ ማሰሪያው ከዛገ፣ ሁለቱንም አዲስ ያድርጉ። በጀልባው ላይ ቱቦ የገባባቸው ሌሎች ቀዳዳዎችም ካሉ በዚያው ይዩዋቸው።

ከዚያ የኪሉን ጫፍ ይዘው ግራና ቀኝ ይወዝውዙ። ትንሽ ቢንቀሳቀስ ያለ ነው። በጣም ከተላወሰ ግን ፒኑ ወይም ቀዳዳው ተበልቷል። ይሄኛውን ራስዎ አይሞክሩት፤ ጀልባው በክሬን ተነስቶ ነው የሚሠራው።

ዊንቹን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ኪሉን ሲያወርዱ እጀታውን አይልቀቁ። ከእጅዎ ካመለጠ ይሽከረከራል፤ እጅ ይሰብራል። ደግሞ ኪሉ ወርዶ ጀልባው ፍጥነት ሲይዝ ከሥርዎ «እምምም» የሚል ድምፅ ቢሰሙ አይደንግጡ። ገመዱ ውሃው ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ነው። ካታሊና 22 ሁሉ ያንጎራጉራል።

አሁን ወደ እኔ እንጀራ። ምሰሶው ወደ 7 ሜትር ተኩል የሚረዝም አልሙኒየም ነው። ቀጥ አድርገው የሚያቆሙት ከማይዝግ ብረት የተገመዱ ሽቦዎች ናቸው። ምሰሶው አሁን ተጎታቹ ላይ ተኝቶ እያለ እያንዳንዱን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዚያው በጥጥ ጨርቅ ይጥረጉ። ጫፎቹ ላይ፣ ሽቦው የብረት ቱቦ ውስጥ የገባበት ቦታ፣ አጉሊ መነጽር ይዘው ይዩ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ፣ የዛገ መስመር፣ ያበጠ ቦታ ካለ ያ ሽቦ ይወገድ። ጨው ባለበት ውሃ ላይ ከ10 እስከ 15 ዓመት ያገለገለ ሽቦ፣ ቢያብረቀርቅም፣ ዕድሜውን ጨርሷል። የ1984 ጀልባ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሽቦዎች ካሉ ሳይከራከሩ ሁሉንም ይቀይሩ። ለቀለሙ ያሰቡትን ገንዘብ እዚህ ላይ ያውሉት።

ሞተሩ ብዙ አያስቸግርም። ከኦክቶበር ጀምሮ የተቀመጠውን ቤንዚን ይቅዱና ያስወግዱ፤ እዚህ አገር ቤንዚኑ ውስጥ ያለው ኤታኖል ውሃ ስቦ ካርቡራተሩን ያበላሻል። ካንዴላውን ይቀይሩ። የታችኛውን የካምቢዮ ዘይት ቡሎን ትንሽ ፈታ አድርገው ያንጠባጥቡት፤ ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ከዚያ የውሃ ጎማ ገጥመው ቤት ያስነሱት። ከጎኑ ቀጭን የውሃ ፍንጣቂ መውጣት አለበት። ካልወጣ ቶሎ ያጥፉ፤ የውሃ ፓምፑ ውስጥ ያለው የጎማ ክንፍ ተበልቶ ወይም ቀዳዳው ተደፍኖ ይሆናል። ያለ ውሃ ግን ለሰከንዶችም ቢሆን አያስነሱት።

ተጎታቹን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከዚያ ሩት 50 አውራ ጎዳና ዳር ቆሞ ያዩታል። ጎማው ላይ አራት አኃዝ ያለው ቁጥር አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ፀሐይ ላይ ያረጀ ጎማ ይፈነዳል። ኩሽኔታዎቹን ያስፈቱና ውሃ የሚቋቋም አዲስ ግራሶ ያስገቡ። መንገድ ላይ አንዴ ይቁሙና የጎማውን መሐል በእጅዎ ይንኩት። ለብ ማለቱ ደህና ነው፤ የሚያቃጥል ከሆነ አይቀጥሉ። የመኪናዎን የመጎተት አቅምም መመሪያው ላይ ያንብቡ። ጀልባው፣ ተጎታቹ፣ ሞተሩና ዕቃው ሲደመር 3,500 ፓውንድ አካባቢ ይጠጋል። የመኪናዎ ጣሪያም 3,500 ከሆነ አይመከርም። ራምፕ ላይ፣ እርጥብ አቀበት ላይ፣ ትርፍ ጉልበት ያስፈልጋል።

ወረቀቱን ባጭሩ። ጀልባው በሜሪላንድ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት በስምዎ መመዝገብ አለበት፤ ቁጥሩና ተለጣፊውም ፊቱ ላይ መኖር አለባቸው። ከጁላይ 1 ቀን 1972 ጀምሮ የተወለደ ሰው ጀልባ ለመንዳት የጀልባ ደህንነት ትምህርት ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል። የወሰዱት የሸራ ኮርስ ይህን ላያካትት ይችላል፤ ያረጋግጡ። ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት ጃኬት፣ አንድ የሚወረወር ተንሳፋፊ፣ ፊሽካ፣ እሳት ማጥፊያና የአደጋ መብራት ይያዙ። ከጀልባው ጋር የመጣልዎት የአደጋ ርችት ካለ ቀኑን ይዩ። ከተሠራ 42 ወር ካለፈው ሕጉ አይቆጥርልዎትም።

ቦታው ላይ ሳንዲ ፖይንትን እመርጥልዎታለሁ። ቤይ ብሪጅ ከሚባለው የባሕረ ሰላጤው ድልድይ አጠገብ ያለው የስቴት ፓርክ ነው። 22 ራምፕ አለው፣ የመኪና ማቆሚያው ሰፊ ነው፣ ወደቡም ከነፋስ የተከለለ ነው። ትራክስተን ፓርክም አለ፤ አናፖሊስ ከተማ ውስጥ፣ ስፓ ክሪክ ላይ። እሱ ያምራል፤ ግን ምሰሶ አቁመው ወደ ባሕረ ሰላጤው ለመውጣት የስፓ ክሪክ ድልድይ እስኪከፈት መጠበቅ አለብዎት። ለመጀመሪያ ቀን ድልድይ ፊት ለፊት ከሌሎች ጀልባዎች ጋር እየተሽከረከሩ መጠበቅ አያስፈልግዎትም።

ቀኑ ደግሞ ቅዳሜ አይሁን። የመጀመሪያው ሞቃት ቅዳሜ ራምፑ ላይ ምን እንደሚመስል ካላዩት አያምኑም። ሞተር ጀልባ የያዘ ሰው አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጅበት። እርስዎ ምሰሶ ለማቆም ብቻ ለጀማሪ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋሉ። ከኋላዎ ጥሩምባ እየተነፋ ደግሞ ማንም በደንብ አይሠራም። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ፈቃድ ይውሰዱ።

የሚጠቅም ሰው አንድ ይበቃል። ጉልበት ያለው፣ የሚታዘዝ፣ ስልኩን ኪሱ ውስጥ የሚያስቀምጥ።

ምሰሶውን የሚያቆሙት ከራምፑ ራቅ ብሎ፣ የመኪና ማቆሚያው ላይ ነው። ከመንካትዎ በፊት ቀና ብለው ሰማዩን ይዩ። የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ? ከቆሙበት እስከ ውሃው ባለው መንገድስ ላይ? አልሙኒየም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ከፍተኛ ቮልቴጅ ደግሞ ሳይነኩትም ሊዘል ይችላል። በጀልባ ሥራ ውስጥ ሁለተኛ ዕድል የማይሰጥ ነገር ቢኖር ይሄ ነው።

ተጎታቹ ከመኪናው ጋር እንደተያያዘ፣ የጀልባውም ፊት ከተጎታቹ ጋር በደንብ እንደታሰረ ይሁን፤ ጎማዎቹ ሥር ታኮ ያድርጉ። የምሰሶውን እግር የካቢኑ ጣራ ላይ ባለው ማጠፊያ ላይ በፒን ያስሩት፤ አናቱ ከኋላ በኩል ድጋፍ ላይ ይተኛ። የጎን ረጃጅሞቹን ሽቦዎች፣ የኋላ አጫጭሮቹንና የኋለኛውን ሽቦ ላላ አድርገው ይግጠሙ። ሁለቱን የፊት አጫጭር ሽቦዎች አሁን አይግጠሙ፤ ምሰሶው ሳይነሳ አይደርሱም። ከዚያ እርስዎ ከኋላ ቆመው ምሰሶውን በትከሻዎ እያነሱ ወደፊት ይራመዳሉ። ጓደኛዎ ከፊት ሆኖ የፊተኛውን ሸራ መስቀያ ገመድ ይስባል። ቀስ ይበሉ። በየመሐሉ ይቁሙና የጎን ሽቦዎቹን እግር ይዩ። እዚያ ያለው ማጥበቂያ ተጣጥፎ ከተያዘና እርስዎ ከገፉ ቡሎኑ ይጎብጣል። በየስፕሪንጉ የጎበጠ ማጥበቂያ ይዞ ግቢያችን የሚመጣ ሰው አይጠፋም።

ምሰሶው ሲቆም ጓደኛዎ የፊተኛውን ሽቦ ይገጥማል። ፒኑ ገብቶ፣ ኮፒሊያው (ፒኑ እንዳይወጣ የሚቆልፈው ቀጭን ሽቦ) ተከፍቶ እስኪቆለፍ ድረስ ምሰሶውን አይልቀቁ። «ገብቷል» ቢልዎት እንኳ ኮፒሊያውንም ይጠይቁ። ቀጥሎ የፊት አጫጭሮቹን ይግጠሙና ማጥበቂያዎቹን ሁሉ በእጅ ያጥብቁ። ዓይንዎን ከምሰሶው ጀርባ፣ ሸራው ከሚገባበት ቦይ ጋር አስጠግተው ወደ ላይ ይዩ። ቦዩ ቀጥ ያለ መስመር መሆን አለበት። ወደ አንድ ጎን ከጎበጠ በተቃራኒው በኩል ያለውን ያጥብቁት። ሲጨርሱ እያንዳንዱ ማጥበቂያ ላይ ኮፒሊያ ያስገቡና በቴፕ ይጠቅልሉት። ያልተቆለፈ ማጥበቂያ በንዝረት ብቻውን እየተፈታ ይሄዳል።

እዚያው ቆመው ዋናውን ሸራም ዝግጁ ያድርጉ። ገመዶቹን ከፊትና ከኋላ ያስሩ፣ መከላከያ ትራሶቹን በጎን ይስቀሉ፣ ሞተሩን ቀና ያድርጉ። የተጎታቹን የመብራት ሶኬት ይንቀሉ። የኋላ ማሰሪያዎቹን ይፍቱ። የፊቱን ግን አይንኩት።

ራምፑ ላይ መስኮትዎን ይክፈቱ፣ መኪናው ውስጥ ከእርስዎ በቀር ሰው አይኑር። ወደኋላ ሲነዱ እጅዎን ከመሪው ግርጌ ያድርጉ። እጅዎ ወደሄደበት ተጎታቹም ይሄዳል። ካታሊና ከነኪሉ ተጎታች ላይ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ከሞተር ጀልባ ይልቅ ጠለቅ ብሎ መግባት አለበት። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ተጎታቾች የሚሳብ ማስረዘሚያ ያላቸው። የእርስዎም ካለው ቤት እያሉ ዘይት ቀብተው ያላቁት። የውሃው ከፍታም ቁም ነገር ነው። እዚህ አካባቢ ውሃው በጨረቃ የሚነሳውና የሚወርደው 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ነፋሱ ግን ከዚያ የበለጠ ይሠራል። ከሰሜን ምዕራብ ጠንክሮ ከነፈሰ ውሃውን ገፍቶ ያስወጣዋል፤ ራምፑ ጫፉ ድረስ ባዶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ማግስት አይምጡ።

የጀልባው ጀርባ ሲንሳፈፍ ይቁሙ። የእጅ ፍሬን ይሳቡ፣ ታኮ ያድርጉ። አሁን፣ ፊቱ ገና በተጎታቹ ዊንች ታስሮ እያለ፣ ጓደኛዎ ጀልባው ላይ ይውጣና ወለሉን ከፍቶ ውስጡን ይይ። የኪሉ ቱቦ ዙሪያ በደረቅ ሶፍት ይነካካው። አምስት ደቂቃ ይጠብቁ፣ እንደገና ይዩ። ውሃ ከገባ በዊንቹ መልሰው ይሳቡት፤ ሌላ ቀን ይመጣሉ። ደረቅ ከሆነ ሞተሩን አውርደው ያስነሱ፣ የውሃ ፍንጣቂውን ይዩ። ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ፊቱን የሚፈቱት። ገመዱ በጓደኛዎ እጅ ይሁን። ገመድ ሳይይዙ ጀልባቸውን ሸኝተው የቀሩ ሰዎችን አይቻለሁ፤ ለተመልካች ያስቃል።

አሁን ስለ ባለቤትዎና ስለ ልጆቹ። እነሱ የመጀመሪያውን ቀን ቤት ይቆዩ።

አናፖሊስ፣ ኢስትፖርት ሰፈር ውስጥ፣ ማርች ላይ ስፕሪንግ ሲገባ የጀልባ ሰዎች ይሰበሰቡና ካልሲያቸውን እሳት ውስጥ ይጥላሉ። ከእንግዲህ ባዶ እግር ነው ለማለት። ደስ የሚል ባህል ነው፤ የሽታውን ነገር አያንሱት። ችግሩ ውሃው ወሬውን አለመስማቱ ነው። ኤፕሪል ላይ አየሩ 25 ዲግሪ ሊሆን ይችላል፤ ውሃው ግን ገና ከ10 ብዙም አልራቀም። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው መጀመሪያ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል ራሱን መቆጣጠር አይችልም። ከዚያ እጅና እግሩ የሚታዘዙለት ለ10 ደቂቃ ገደማ ነው። ዋናተኛ መሆን ብዙም አያድንም። ጃኬቱ የሚያድነው ከመውደቅዎ በፊት ከለበሱት ነው። ስለዚህ እርስዎና ጓደኛዎ ከማቆሚያው ጀምሮ ይልበሱት።

ነፋሱ ከ10 ኖት (በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ገደማ) በታች የሆነበትን ጠዋት ይምረጡ። ቼሳፒክ ላይ ለትንንሽ ጀልባዎች ማስጠንቀቂያ የሚወጣው 18 ኖት ላይ ነው፤ እዚያ እስኪደርስ አይጠብቁ። መጀመሪያ በሞተር ብቻ ወደቡ ውስጥ ይዙሩ። መቆም፣ ወደኋላ መሄድ፣ መጠጋት ይለማመዱ። ከዚያ ከወደቡ አፍ ወጣ ብለው ኪሉን እስከ ታች ያውርዱ። የጀልባውን ፊት ወደ ነፋሱ ያዙሩና ዋናውን ሸራ ብቻ ይስቀሉ። የፊቱን ሸራ ለሌላ ጊዜ ይተዉት። የጀልባ ሬዲዮ ካለዎት ቻናል 16፣ የአደጋ ጥሪ የሚሰማበት፣ ላይ ይሁን። የት እንደሄዱና መቼ እንደሚመለሱ ባለቤትዎ ትወቅ።

ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከወጡና ጀልባው ውሃ ሳያስገባ፣ ሽቦው ሳይላላ ከተመለሰ፣ ልጆቹን ከሜይ አጋማሽ በኋላ ያምጧቸው። ለእያንዳንዳቸው በኪሎአቸው ልክ የሆነ፣ በእግር መሐል የሚታሰር ማሰሪያ ያለው ጃኬት ይግዙ፤ ትልቅ ጃኬት በአናታቸው በኩል ይወልቃል። ያኔ ውሃው ይለሰልሳል፤ የሚናደፈው ጄሊፊሽም ገና አይመጣም።